ለሦስት ጣት የተሠራ ማውስ

ምንይሉ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሲከራይ «ኮምፒዩተር ቤት ነው እትዬ ዑሙ፤ ጸጥ ያለ ሥራ ነው» ብሎኝ ነበር። ጸጥ ያለ! እኔ ዑሙሰልማ ሞጣ ገበያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስሸጥ የሰማሁት ጫጫታ ሁሉ ተጠራቅሞ እሱ በአንድ ሳምንት ያሰማኝን አያክልም። ስምንት ኮምፒዩተር ደርድሮ የከተማውን ጎረምሳ ሰበሰበብኝ። ከዚያ ወዲያ ከጠዋት እስከ አመሻሽ «ግደለው!»፣ «ግንባሩን በለው!»፣ «ጨርሰው እንጂ፣ ምን ትለማመጠዋለህ!» ብቻ ሆነ። አንድ ቀን አንዲት የቀራንዮ ሴት ለልጇ ሠርግ ጨርቅ እየመረጠች ሳለ ከግድግዳው ወዲያ «አንገቱን ቁረጠው!» የሚል ሰማች። ጨርቄን እንደታቀፈች በረረች። እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሮጬ ነው ያስመለስኩት፤ በዚህ ጉልበቴ!

ጫማዬን አውልቄ ግድግዳውን ስደበድብ ብቅ ይልና «ጨዋታ ነው እኮ እትዬ ዑሙ። በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሰው ጋር ነው የምንጋጠመው፤ አምስት ለአምስት። የሚሞት የለም» ይለኛል። «የሚሞት ከሌለ ታዲያ ምን ያስጮሃችኋል?» እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ ልሰድበው ሄጄ ሳልሰድበው እመለሳለሁ። ዘመኑም አላገዘኝም። አንዳንድ ቀን የእውነቱ ተኩስ ከከተማው ዳር ይጀምርና የቱ የጨዋታ፣ የቱ የእውነት እንደሆነ እስክንለይ ሁላችንም ወለሉ ላይ ተደፍተን እንቆያለን። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ደግሞ ወራት ይጠፋል፤ ያኔ እርስ በርሳቸው ይገዳደላሉ።

እዚያ ጨዋታ ውስጥ ሁሉም ለራሱ ስም ያወጣል። አንዱ አንበሳ ነኝ ይላል፣ አንዱ መብረቅ ነኝ ይላል። የምንይሉ ስም ግን ወልደ ኪዳን ነበር። ወልደ ኪዳን ስክሪኑ ላይ በተገደለ ቁጥር ምንይሉ ያ ሳቂታው ልጅ አይደለም፤ ወንበር ይረግጣል፣ ግድግዳ በቡጢ ይመታል። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ «ወልደ ኪዳን ዛሬም እንደ በግ ታረደ» ብሎ ሲስቅ አፍንጫውን በግንባሩ ሰበረለት። ደሙ እስከ ሱቄ ደፍ ድረስ ተንጠባጠበ። ልጁን አጥቤ፣ ለእናቱ ዋሽቼ ከሸኘሁ በኋላ ምንይሉን በጆሮው ይዤ «የማንን ልጅ ነው የምታደማው? ምን ጋኔን ነው የያዘህ?» አልኩት። የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ በጆሮው ስይዘው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ታሪኩን ያኔ ነው የነገረኝ።

የተወለደው ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ የጤፍ አጨዳ ላይ፣ ታላቅ ወንድሙ ወልደ ኪዳን ያጭዳል፣ እሱ ነዶ ይሰበስባል። የማሳ ጎረቤታቸው ሣህለ ማርያም እንጨት ሊቆርጥ ምሳር ይዞ ሲያልፍ የድንበሩ ድንጋይ ተገፍቷል አልተገፋም ተባባሉ። ከስድብ ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ ብረት ሄደ። ወልደ ኪዳን በማጭዱ የሣህለ ማርያምን ቀኝ እጅ መታው፤ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ከሥራቸው ተቆርጠው ነዶው ላይ ወደቁ። ሣህለ ማርያም ምሳሩን በግራው አነሣና አንገቱ ላይ አሳረፈበት። አንድ ጊዜ ነው የመታው፤ ሁለተኛ አላስፈለገም።

«አንተስ?» አልኩት።

«ሮጥኩ» አለኝ። «ነዶዬን ጥዬ ሮጥኩ እትዬ ዑሙ። ሰው ይዤ ስመለስ አልቆ ነበር።»

ሣህለ ማርያም ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። የምንይሉ እናት ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን በፍርድ ቤት የሚጠፋ ደም የላቸውም። የልጃቸውን የደም ሸሚዝ ሳያጥቡ ምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ ደሙ ሳይመለስ አይታጠብም አሉ። ምንይሉ ለበዓል ቤት በገባ ቁጥር ሸሚዙ ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጡት። «ብላ» ይሉታል፣ «ወንድምህ እያየህ ነው።» እንዴት ያለ ጉሮሮ ነው ያንን እህል የሚያወርደው? ልጁ ወደ ሞጣ የመጣው ሥራ ፍለጋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከዚያ ሸሚዝ ሸሽቶ ነው። ገዳዩ ከእስር ሲወጣ እርቅ ብሎ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስቱንም ጊዜ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከበር መለሱ። «እኔ የልጄን ደም በቃል አልሸጥም። ወንድ ልጅ አለኝ» አሉ። ወንድ ልጅ ያሉት ይሄ የኔው ጯሂ ነው።

አሁን ወደ ማውሱ ልምጣ። ማውስ ማለት ያቺ ጠረጴዛ ላይ በእጅ እየተገፋች ኮምፒዩተሩን የምታዝ ናት። የጨዋታው ማውስ ጎኑ ላይም ቁልፍ አለው፣ ሆዱ ውስጥ ክብደት የሚጨምሩበት ብረት አለው። የትኛው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለውን ባለቤቱ ያዘዋል፤ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ቦምብ ይወረውራል፣ አንዱ ቢላ ይመዛል። ለምንይሉ ይሄ አይበቃውም። «ጫማ እንኳ በቁጥር ይሸጣል» ይለኛል። «ይሄ ግን ለሰፊ መዳፍም ለጠባብም አንድ ነው። ታዲያ ማን ነው በሰው ጫማ የሚሮጥ?» ስለዚህ ማውሱን ይፈታዋል፣ በደንበኛው እጅ ልክ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ ቀጥሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ ጀርባውን ይሠራል፣ ቁልፎቹንም ጣቱ ከሚደርስበት ቦታ ይተክላል። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ይታዘዛል። ሩቅ ያለ ደንበኛ እጁን ደብተር ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ይሥላል፣ ወረቀቱን በሚኒባስ ረዳት ይልካል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ ብዛት ብታዩ!

ከጨዋታ ጓዶቹ ሁሉ የሚወደው አንዱን ነው፤ ስሙ ዝምታ ይባላል። ማይክ አለ፣ ሁሉም እየተንጫጫ ነው የሚጫወተው፤ ዝምታ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ድምፁን አላሰማም። ሲተኩስ ቀርፋፋ ነው አሉ። ነገር ግን በወልደ ኪዳን ላይ ጥይት ሲመጣ ፊቱ ይቆማል። እየቆመ ይሞታል። «እትዬ ዑሙ፣ ዝምታ ካለ እኔ አልሞትም» ይለኝ ነበር ምንይሉ፣ ስለ ሥጋ ወንድሙ እንደሚያወራ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቢቸና ሚኒባስ ረዳት የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ምንይሉ ሰም ሊገዛ ወጥቷል። እኔም ሰው ነኝ፣ ከፈትኩት። «ለወልደ ኪዳን። ማውስ ሥራልኝ። ዝምታ» ይላል፤ ከሥሩ እጅ ተሥሏል። አውራ ጣት አለ፣ የቀለበት ጣት አለ፣ ትንሿ ጣት አለች። መሃሉ ባዶ ነው፤ እስክሪብቶው በጠባሳው ላይ ተንሸራቶ አልፏል። ሱብሃነላህ! የጨርቅ ጥቅሌ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ልቀደው ነበር፤ ወላሂ ልቀደው ነበር። ምንይሉ ሰሙን ይዞ ከተፍ አለና ከእጄ ወሰደው።

ረጅም ጊዜ አየው። አልጮኸም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባና ጎረምሶቹን አስወጣ። በኋላ ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በካቻቢቴ ወግቶት አገኘሁት፤ ልክ መዳፉ መሃል ላይ።

«ሌላም ጣት የሌለው ሰው አለ» አልኩት። «ዘመኑ እጅ ቆራጭ ነው፤ ፈንጂው፣ ምኑ ቅጡ።»

«ነዶው ላይ አይቻቸዋለሁ እኮ እትዬ ዑሙ» አለኝ። «እኔ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ይጠፋኛል?»

ይተወዋል ብዬ ነበር። ሠራው! የገዛ ሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን አጥፎ በፕላስተር ከመዳፉ ጋር አሠረ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «የሰውዬው እጅ የት እንደሚደርስ በምን ልወቅ?» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲያ ሆኖ ኖረ። በሦስት ጣት በላ፣ በሦስት ጣት በር ከፈተ፣ በሦስት ጣት ሸሚዙን ቆለፈ። ቁልፉ ሲያስቸግረው ይሳደባል፤ ማንን እንደሚሳደብ አላውቅም። የመጀመሪያውን ሰም ሠርቶ ጨርሶ በቡጢው ጨፈለቀው። ሁለተኛውን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ሦስተኛውን ግን በትንሽ ቢላ ሲፍቅ፣ በጣቱ ሲዳብስ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲሠራ አየሁት። መተኮሻውን ለቀለበት ጣት ሰጠው። ሌሎቹን ቁልፎች ለአውራ ጣቱ ደረደረለት። እጁ ክብደት እንዳያጣ ሆዱ ውስጥ ብረት ጨመረ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በሃያኛው ቀን የሰም ሣጥኑን ከፍቼ መጥረጊያ ጨርቅ ስፈልግ ሽጉጥ አገኘሁ። ከየት መጣ አይባልም፤ ዛሬ ሽጉጥ ከሽንኩርት ይቀላል። ሽንት ቤት ልጥለው አሰብኩ፤ ልነካው ግን ፈራሁ። ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ማውሱን ማን ያደርሳል?»

«እኔ።»

«ሽጉጡንስ?»

ጮህኩበት፣ በአላህም በማርያምም ለመንኩት፣ ይበርድለታል ብዬ አንድ ጥፊ አቀመስኩት። «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው» አለኝ። «አሥር ዓመት ያ ሸሚዝ እያየኝ ነው የምበላው። አንድ ዓመት ደግሞ ከገዳዩ ጋር ጎን ለጎን ስጫወት ኖርኩ። በወንድሜ ስም! ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ?» በነጋታው መናኸሪያ ቀድሜው ሄድኩ። «ቢቸና የጨርቅ ደንበኛ አለችኝ» አልኩ። ደንበኛ የለኝም። ውሸቴን እያወቀ ቦታ ያዘልኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና ገባን።

የሚኒባሱ ረዳት ወረቀቱን የተቀበለበትን ቤት አሳየን። ሣህለ ማርያም እስር ቤት ኮምፒዩተር ተምሮ ኖሮ ቢቸና ውስጥ ማመልከቻ የሚጻፍባት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ከፍቷል። ጭራቅ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ከሲታ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ስንገባ ተነሣ። ምንይሉን አየና «መጣህ?» አለው። ለኔ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። እኔ ልቀመጥ? ጃንጥላዬን በሁለት እጄ ጨብጬ በሩ ጋ ቆምኩ።

ምንይሉ ማውሱን ከከረጢቱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሰካው» አለ። «ልክ መሆኑን እይ።» ወላሂ አልዋሽም፤ ሊገድል የመጣ ሰው መጀመሪያ ሥራውን ለካ! ሣህለ ማርያም ሰካውና ያንን ጎደሎ እጁን ጫነበት። ተቀመጠለት። እጁ ባዶ የነበረበት ቦታ በሙሉ ሞላ።

«የሚያምህ አለ?» አለው ምንይሉ።

«የለም።»

«የቀለበት ጣትህ ሲጫን ይደክማል?»

«አይደክምም። ልክ ነው።» መዳፉን ደጋግሞ ጫነበት። «እስካሁን ይህን እጅ ማንም አልነካልኝም ነበር።»

ምንይሉ ሽጉጡን አወጣ።

«ተነሥ!»

አልተነሣም። «የወልደ ኪዳንን ስም ስክሪኑ ላይ ያየሁት ቀን አንተ መሆንህ ገባኝና ወንበሬን ጥዬ ወጣሁ» አለ። «ሦስት ቀን አልተመለስኩም። ከዚያ ሌሎች ሲገድሉት አየሁ። ሌላ የማደርገው ባጣ ፊቱ መቆም ጀመርኩ።»

«አፍህን ዝጋ! ስሙን አትጥራ!»

«ዓመት ሙሉ ዘግቼ ነበር እኮ። ሽማግሌ ብልክ ይመለሳል። እጄን የላክሁልህ አውቀህ እንድትመጣ ነው። ያሻህን አድርግ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሄኛው ወግቶም አልረሳም። እኔ ግን ያኔ ይህን አላሰብኩም፤ የምንይሉ ክንድ ሲጠነክር አየሁና በጃንጥላዬ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ የማተሚያውን ማሽን በስቶ ግድግዳው ውስጥ ገባ፤ ጆሮዬ ድንቁር አለ። ሽጉጡ ወለሉ ላይ ወደቀ። ምንይሉ አላነሣውም። በባዶ እጁ ዘለለበት። አፉን፣ አይኑን፣ ጎድኑን መታው፤ ፀጉሩን ይዞ ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ደም በኪቦርዱ ፊደሎች መካከል ገባ። ሣህለ ማርያም እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሣም። «ለምን አትመታኝም! ምታኝ እንጂ!» ይላል ምንይሉ እያለቀሰ። እኔ ኮቱን ይዤ እጎትታለሁ፣ ጃንጥላዬ ተሰብሯል፣ እጮሃለሁ።

ዛሬ ከተማ ውስጥ አንድ ጥይት ከተሰማ ነገሩ የሁለት ሰው ጠብ ሆኖ አይቀርም። የሩጫ ኮቴ ሰማን። ምንይሉ እጁ አየር ላይ ቀረ። መሣሪያ የያዙ አራት ሰዎች በሩን በእርግጫ ከፍተው ገቡ። የማን ናቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«ማን ነው የተኮሰው?» አለ አለቃቸው።

ምንይሉ አፉን ሳይከፍት ሣህለ ማርያም ሽጉጡን በእግሩ ወደ ራሱ ስቦ «እኔ ነኝ» አለ። «ስወለውለው ባረቀብኝ። እነዚህ ባለጉዳዮች ናቸው፤ ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው የመጡት።»

«ፊትህስ?»

«ደንግጬ ወደቅሁ።»

ሰውዬው እጁን አየና ሳቀ። ጠብመንጃውን በባዶው ቦታ ላይ አሳርፎ «አንተ ቆራጣ፣ በየትኛው ጣትህ ነው የተኮስከው?» አለው።

ሣህለ ማርያም እጁን ከማውሱ ላይ አላነሣም ነበር። የቀለበት ጣቱን ቀና አደረገና ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። «በዚህ» አለ። «ለምዷል።»

በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት። አንገትጌውን ይዘው እየጎተቱ ሲያወጡት ምንይሉን አላየውም፤ ቢያየው ሰዎቹ እንደሚነቁ ያውቃል። ምንይሉ ቆሞ ቀረ። እንደ ያኔው ነው፣ እንደ ነዶው ቀን፤ ልዩነቱ ዛሬ እግሩ አለመንቀሳቀሱ ብቻ ነው። እኔስ? እኔ አፈኛዋ፣ የሞጣን ገበያ የማንቀጠቅጠው ሴትዮ፣ ጸጥ አልኩ። ፈራሁ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ በእግራችን ወደ እናቱ ሄድን፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ወይዘሮ ሀብትነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። ደሙን በልጃቸው እጅ ላይ አዩና አይናቸው በራ።

«ጨረስከው?»

«አልጨረስኩም እማዬ።» ተንበረከከ። «ልገድለው ሄጄ እኔን አድኖ ታሰረ። በኔ ጥይት እየገረፉት ነው። ዛሬም ዝም አልኩ። ያኔም ሮጬ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ ነዶዬን ጥዬ ሮጬ ነበር።» አሥር ዓመት የደበቀውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው።

ይመቱታል ብዬ መሃል ልገባ ተዘጋጀሁ። አልመቱትም። ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ያንን የተወጋ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ወይዘሮ ሀብትነሽ ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። የራሳቸውን እጅ በሥዕሉ ላይ ጫኑ፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው ባዶው ላይ አረፉ። መልሰው አጠፏቸው። «እነዚህን ነው ልጄ የቆረጠው?» አሉ። ድንገት ተነሡና ሸሚዙን ከምሰሶው አወረዱ። «የኔን ደመኛ ማን አባቱ ነው የሚገርፈው? እኔ ሳልነካው?» አሉ። እንዲህ ያለ ቁጣ በሕይወቴ አላየሁም።

የታሰረበት ቦታ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ወይዘሮ ሀብትነሽ በሩ ላይ ያንን የደረቀ ሸሚዝ አፈሩ ላይ ዘረጉና ተቀመጡ። አለቃው ወጥቶ «ምን ፈልገው ነው እማማ?» ሲላቸው «የልጄን ገዳይ» አሉት። «የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ከኔ በፊት ዱላ የማሳረፍ መብት ያለው የለም። ስጡኝ።» ሳቁባቸው። አልተነሡም። አደሩ፤ ውሃ እንጂ እህል አልቀመሱም። በሁለተኛው ቀን ምንይሉ ጎናቸው ተቀመጠና ጮክ ብሎ «የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩ» አለ። የዚያኔ ሳቁ ቆመ። የሠፈሩ ሽማግሌዎችና ሁለት ቄሶች መጡ፤ ሦስት ጊዜ ከበር የተመለሱት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን አለቃው «ወስዳችሁ እንደፈለጋችሁ ተባሉ!» ብሎ በሩን ከፈተ። ሣህለ ማርያም በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ፤ አንድ አይኑ ተዘግቷል፣ ሲተነፍስ ጎኑን ይይዛል። ማን ሊወስደው እንደመጣ ሲያይ ድጋፉን ለቀቀና «እሺ» ብቻ አለ።

ወንዝ ዳር የሆነውን ከመናገሬ በፊት ይህን ልበላችሁ፤ ምንይሉ ዛሬም ከሱቄ ጀርባ ነው፣ ዛሬም ይጮሃል፣ እኔም በጫማዬ ግድግዳውን እደበድባለሁ። ስክሪኑ ላይ ግን ወልደ ኪዳን የሚባል የለም። በራሱ ስም ነው የሚጫወተው፤ ሲሞትም ምንይሉ ነው የሚሞተው። ከቢቸና የሚጫወተው ሰውም ማይኩን ከፍቷል፤ ጥርሱ ስለጎደለ ሲናገር ያፏጫል ብለው ይስቁበታል።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከመጋዘኑ በቀጥታ ከማሳቸው ግርጌ ወዳለው ወንዝ ወሰዱት። ሁላችንም ተከተልን። ማንም ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አያውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ሣህለ ማርያም ውሃው ዳር ተንበረከከና አንገቱን ዘረጋ፤ ምሳሩ ያረፈበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። ምንይሉ መሃላቸው ሊገባ ሲል እናቱ በክርናቸው ገፉት። የዘረጋውን አንገት አዩት። ከዚያ ውሃው ዳር የወደቀ ቆርቆሮ አንሥተው ደረቱ ላይ ወረወሩበት።

«ውሃ ቅዳ።»

በዚያ ሦስት ጣት ቀዳ። እሳቸው ሸሚዙን ድንጋይ ላይ አድርገው ያሹታል፤ «አፍስስ» ይሉታል፣ ያፈሳል። ቆርቆሮው ከእጁ ሲንሸራተት ምንይሉ ከሥሩ ደገፈለት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ወረደ። «አፍስስ።» እሱ ይቀዳል፣ እሳቸው ያሻሉ፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እኔማ ተዉኝ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሀብትነሽ ሸሚዙን ጨምቀው ወደ ፀሐይ አነሡት። አንገትጌው ላይ ጥቁሩ ምልክት እንዳለ አለ።

«አልለቀቀም» አለ ሣህለ ማርያም።

«አይለቅም» አሉት። «ታጥቧል ግን። እጅጌውን ይዘህ አስጣው።»

አንደኛውን እጅጌ እሱ፣ ሌላውን ምንይሉ ይዘው የድንበሩ ድንጋይ ላይ አሰጡት።